ሩሃማና የማክሰኞው ሲዘር ሰላጣ

ሩሃማ ከሁሉም ቀን የምትወደው ማክሰኞን ነው።

የሩሃማ አባት ሐዋሳ ውስጥ፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ ሆቴል ምግብ ያበስላል። ሰኞ ቤት የለም። ረቡዕ ቤት የለም። ቅዳሜና እሑድማ ጭራሽ የለም።

ማክሰኞ ግን አለ። ማክሰኞ የአባዬ የእረፍት ቀን ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ አባዬ ከሆቴሉ ምግቦች አንዱን ቤት ውስጥ ይሠራል። ሩሃማም ታግዘዋለች።

የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ረጅም ነው። ሩሃማ አጭር ናት። ስለዚህ አባዬ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ያስቀምጥላታል።

ሩሃማ ሳጥኑ ላይ ትወጣለች። ያኔ ሳህኑም፣ ቢላዋውም፣ የአባዬ እጅም ወለል ብሎ ይታያታል።

«ረዳቴ፣ ዝግጁ ነሽ?» ይላታል አባዬ።

«ዝግጁ ነኝ» ትላለች ሩሃማ።

በዚህ ማክሰኞ ግን ቤት ውስጥ እንግዳ ነበረች።

ቤተል ትባላለች። የአባዬ እህት ልጅ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የመጣችውም ከዲላ ነው።

ሩሃማ እንግዳ ምን እንደሆነ ታውቃለች። እንግዳ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ይሄዳል።

ይህቺኛዋ እንግዳ ግን ትልቅ ቦርሳ ይዛ ነው የመጣችው። ቦርሳው ውስጥ ፒጃማ አለ። የጥርስ ብሩሽም አለ።

«መቼ ነው የምትሄደው?» ሩሃማ እናቷን በጆሮዋ ጠየቀቻት።

«ቅዳሜ» አለች እማዬ።

ሩሃማ በጣቶቿ ቆጠረች። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። አንድ እጇ ሙሉ አለቀ።

አባዬ ሽርጡን አሰረ። «ዛሬ የምንሠራው ሲዘር ሰላጣ ነው» አለ።

ሩሃማ ወደ ሳጥኑ ሮጠች። ዱብ ዱብ ዱብ።

ሳጥኑ ላይ ቤተል ቆማለች።

«አባዬ፣ ሳጥኑ እኮ...»

«ዛሬ እንግዳ አለን ሩህዬ። እንግዳ ይቅደም። አንቺ እዚህ ጎን ቁሚ።»

ሩሃማ ጎን ቆመች። ከጎን ሳህኑ አይታይም። ከጎን የሚታየው የጠረጴዛው እግር ነው።

«እኔስ?» አለች ሩሃማ። ግን በሆዷ ነው ያለችው። ማንም አልሰማም።

አባዬ የሰላጣውን ቅጠል አንድ በአንድ አጠበ። ረጃጅም ቅጠሎች ናቸው። ጫፋቸው አረንጓዴ፣ መሐላቸው ነጭ ነው።

«እስቲ አራግፊልኝ» ብሎ ለቤተል ሰጣት።

ቤተል አራገፈች። ፍጭጭ። ፍጭጭ። ውሃው ሄዶ ሩሃማ አፍንጫ ላይ አረፈ።

አባዬ ቅጠሉን ንጹህ ፎጣ ላይ ዘረጋው። ሰፊ ፎጣ ነው። ከጫፉም አጠፍ አድርጎ የተወሰነውን ቅጠል አለበሰው።

«አሁን እንተወዋለን፤ ይድረቅ» አለ። «እርጥብ ከሆነ የምንቀባው ሶስ ተንሸራቶ ይወርዳል። የሲዘር ሰላጣ ቅጠል ሲነከስ ቀሽ ማለት አለበት።»

«ቀሽ» አለች ቤተል።

ሩሃማም «ቀሽ» ልትል ነበር። ቤተል ቀደመቻት።

«እኔስ?» አለች ሩሃማ በሆዷ። ማንም አልሰማም።

ከዚያ አባዬ የትናንቱን ዳቦ አወጣ። እንደ ዳማ ጠጠር ትንንሽ አድርጎ ቆራረጠው።

ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት መጥበሻ ውስጥ ጨመረው። ችስስስ። ዳቦው መጀመሪያ ነጭ ነበር፤ ከዚያ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ቡናማ ሆነ።

ቤቱን በሙሉ ሽታው ሞላው። አንዷን ዳቦ ቤተል ቀመሰች። ቆርጨም። ቆርጨም።

«ዲላ እኮ እንደዚህ ያለ ዳቦ የለም» አለች።

«ዲላ ምን አለ ታዲያ?» አለ አባዬ እየሳቀ።

«ዲላ አናናስ አለ። ዲላ እንቁላል በአንድ እጅ ነው የሚሰበረው።»

«በአንድ እጅ? እስቲ እንይ።»

አባዬ እንቁላሉን የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ብቻ ነክሮ አወጣው። ቤተል ተቀበለችው።

ቀጭ። በአንድ እጇ ኩባያ ውስጥ ሰበረችው። አንዲት ቅርፊት እንኳ አልገባችበትም።

«ኧረ ይህቺ ልጅ ጎበዝ ናት» አለ አባዬ።

ጎበዝ የሚለው ቃል የሩሃማ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚባለው ለእሷ ነበር። ዛሬ በአናቷ ላይ አልፎ ቤተል ጋ ሄደ።

ሩሃማ ከንፈሯን ጣለች። ጉንጯን ነፋች። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ግድግዳውን አየች።

ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም። ቢሆንም አየችው።

«እኔስ?» አለች። አሁንም በሆዷ ነው። አሁንም ማንም አልሰማም።

አባዬ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። እዚህ አየ፣ እዚያ አየ። ከዚያ ግንባሩን ያዘ።

«ፎርማጆውን ረስቼዋለሁ» አለ። ፎርማጆ ያ ጠንካራው፣ ቢጫው አይብ ነው። ያለ ፎርማጆ ሲዘር ሰላጣ አይሆንም።

«አስፋልቱ ዳር ካለው ሱቅ ገዝተን እንምጣ። ቤተልም ሠፈሩን ትይ። ሩህዬ፣ ትመጫለሽ?»

ሩሃማ መሄድ ፈልጋ ነበር። ጫማዋም እዚያው በሩ ጋ ነው። ግን አኩርፋለች። ያኮረፈ ሰው አንዴ ሲጠየቅ እሺ አይልም።

ስለዚህ ዝም አለች። ሁለተኛ ቢጠይቃት ትሄዳለች። ሁለተኛ እስኪጠይቃት እየጠበቀች ነው።

አባዬ ሁለተኛ አልጠየቃትም። «እሺ፣ አንቺ ከእማዬ ጋር ሁኚ። ቅጠሉን እንዳትነኩት» አለና የቤተልን እጅ ይዞ ወጣ።

የግቢው በር ተዘጋ። ኳ።

እማዬ ውጭ፣ ቧንቧው ጋ ልብስ ታጥባለች። ሹክ ሹክ ሹክ ሲል ይሰማል።

ወጥ ቤት ውስጥ ሩሃማ ብቻዋን ቀረች። ሩሃማና ሳጥኑ። ሩሃማና ቅጠሉ።

ሳጥኑ ላይ ወጣች። አሁን ሁሉም ነገር ይታያል።

«ሰላጣውን እኔ እጨርሰዋለሁ» ብላ አሰበች። «ሲመለሱ ሠርቼ ያገኙታል። ያኔ ማን ጎበዝ እንደሚባል እናያለን።»

ሩሃማ ሰላጣ እንዴት እንደሚሠራ ያየችው ከእማዬ ነው። እማዬ ሽንኩርቱን ትከትፍና ጨው ትነሰንስበታለች። ከዚያ በእጇ እሽት እሽት ታደርገዋለች።

እማዬ እንደዚያ ስታደርግ ይጣፍጣል። እንግዲህ ቅጠልም ሲታሽ ይጣፍጣል ማለት ነው።

ሩሃማ ጨው ነሰነሰች። አንድ ጭብጥ። ቆይታ ደግሞ ሌላ ጭብጥ።

ሎሚም ጨመቀች። ከዚያ ማሸት ጀመረች።

እሽት፣ እሽት፣ እሽት።

«ጎበዝ ማለት እኔ ነኝ» አለች።

እሽት፣ እሽት፣ እሽት።

«ቤተል ማሸት አትችልም» አለች።

እሽት፣ እሽት፣ እሽት።

ቅጠሉ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ነበር። ከዚያ ጎበጥ አለ። ከዚያ ተኛ።

ውሃ አወጣ። ጨፈቅ፣ ጨፈቅ አለ። ልክ የረጠበ ካልሲ መሰለ።

ሩሃማ አንዱን ቅጠል አንስታ ነከሰችው። ቀሽ እስኪል ጠበቀች።

ቅጠሉ ምንም አላለም።

ኳ። ኳ። ኳ። የግቢው በር ተንኳኳ። እማዬ ሄዳ ከፈተች።

ሩሃማ የፎጣውን ሌላኛውን ጫፍ ጎትታ ቅጠሉ ላይ ጣለች። ከሳጥኑ ወረደች። እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

አባዬ ገባ። ቤተልም ፎርማጆውን እንደ አሻንጉሊት ታቅፋ ተከተለችው።

አባዬ ፎጣውን ገለጥ አደረገ። አየ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ።

«ይህን ቅጠል ማን ነው ያሸው?»

«ቤተል ናት» አለች ሩሃማ።

አባዬ ቤተልን አየ። ቤተል ፎርማጆውን አየች።

«እኔ እኮ ሱቅ ነበርኩ» አለች ቤተል። «ከጋሼ ጋር።»

ሩሃማ ይህን አላሰበችበትም ነበር።

ከቧንቧው ውሃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማል።

የሩሃማ ጆሮ ጋለ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ልትጠርገው እጇን አነሳች፤ እጇ ላይ ሎሚና ጨው ስለነበር ዓይኗን አቃጠላት።

ያን ጊዜ ምርር ብላ አለቀሰች።

አባዬ ጎትቶ ቧንቧው ጋ ወሰዳት። እጇን አጠበላት። ፊቷንም አጠበላት። በሽርጡ አደረቃት።

ከዚያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ ሲል ቁመቱ ከሩሃማ ጋር እኩል ሆነ።

«አሁን ንገሪኝ» አላት። «ምን ሆነሽ ነው?»

ሩሃማ አፏን ከፈተች። ቃሉ ከሆዷ ተነሳ። በደረቷ አለፈ። በጉሮሮዋ አለፈ። ወጣ።

«እኔስ?»

አሁን አባዬ ሰማ። ቤተል ሰማች። ውጭ ያለችው እማዬም ሰማች።

«እኔስ፣ አባዬ? ሳጥኑ የኔ ነበር። ጎበዝም የኔ ነበር። ማክሰኞም የኔ ነበር።»

«እና ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። በሆዴ።»

አባዬ ራሱን እከክ እከክ አደረገ። «የሆድሽን እንዴት ልስማው? ጆሮዬ እዚህ ላይ ነው ያለው» አለና ጆሮውን ጎተተ። «እዚህ ጋ በአፍሽ ስትነግሪኝ ነው የሚሰማኝ።»

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

«እሰማሽ ነበር። ሁለተኛም ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው።»

«የኔስ?» አለች ሩሃማ ቀስ ብላ።

«ያንቺን አንቺ ታውቂዋለሽ» አለ አባዬ።

ሩሃማ ታውቀዋለች። የእግሯን ጣት እያየች ወደ ቤተል ዞረች።

«አንቺ አይደለሽም ያሸሽው። እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ቤተል። «እኔ እኮ ሱቅ ነበርኩ።»

ከዚያ ቤተል ፎርማጆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

«እኔም ቀንቼብሽ ነበር» አለች።

«በኔ?» ሩሃማ በጣም ገረማት። እሷ ላይ የሚያስቀና ምን አለ? እንቁላል በሁለት እጇ እንኳ ስትሰብር ቅርፊቱ ይገባባታል።

«የኔ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አንዳንዴ ሞያሌ ነው፣ አንዳንዴ ሌላ ቦታ ነው» አለች ቤተል። «የኔ አባት ማክሰኞ የለውም።»

ሩሃማ አባት ሁሉ ማክሰኞ ያለው ይመስላት ነበር።

ከጠረጴዛው ጎን አንድ እርምጃ ወደ ቤተል ጠጋ አለች።

እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። የታሸውን ቅጠል አየች። ቆንጥራ ቀመሰችው።

«ምነው የኔ እናት፣ ሽንኩርት መሰለሽ እንዴ?»

ሩሃማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እኔም ልጅ ሳለሁ ጎመን መስሎኝ ቀቅየዋለሁ» አለች እማዬ። «ግድ የለም። ይሄን አጠብ አድርጌ ቲማቲምና ቃሪያ እጨምርበታለሁ። የኛ ሰላጣ ይሆናል።»

«የሲዘሩስ?» አለች ቤተል።

አባዬ ተነስቶ መጀመሪያ ያጠፈውን የፎጣውን ጫፍ ገለጠ። እዚያ ሥር የሩሃማ እጅ ያልደረሰባቸው ቅጠሎች ተኝተዋል።

አብረው ቆጠሯቸው። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።

«አምስት ቅጠል አለን» አለ አባዬ። «ሲዘር ሰላጣ አላለቀለትም። አሁን ሶሱን እንሥራ።»

ቤተል ሳጥኑን አየች። ሩሃማም ሳጥኑን አየች። ሳጥኑ የአንድ ልጅ እግር ብቻ ነው የሚችለው።

አባዬ ሳጥኑን በእግሩ ገፋው። ጎድጓዳውን ሳህን ከጠረጴዛው አንስቶ መሬት፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። ራሱም መሬት ተቀመጠ።

ሩሃማ በዚህ በኩል ተንበረከከች። ቤተል በዚያ በኩል ተንበረከከች። ሳህኑ ለሁሉም ታየ።

የእንቁላሉ አስኳል ገባ። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ገባ። ትንሽ ሰናፍጭ ገባ። ሎሚ ገባ።

አባዬ ከቆርቆሮ ውስጥ እንደ ጣት የቀጠነች ጨዋማ ዓሣ አወጣና ደፍጥጦ ጨመራት።

«ዓሣ ሰላጣ ውስጥ?» አለች ቤተል።

«ዓሣ ሰላጣ ውስጥ?» አለች ሩሃማ።

ሁለቱም አፍንጫቸውን ሸበሸቡ።

«ቆይታችሁ ትነግሩኛላችሁ» አለ አባዬ። «አሁን አንዳችሁ ትመታለች፣ አንዳችሁ ዘይት ታወርዳለች። ዘይቱ እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚወርደው። አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱን ማድረግ አይችልም።»

ቤተል መታች። ቸክ ቸክ ቸክ ቸክ።

ሩሃማ ዘይቱን አወረደች። ቀስ። ቀስ። ቀስ።

«ቶሎ ቶሎ አድርጊው እንጂ» አለች ቤተል። «እጄን ደከመኝ።»

«አይቻልም። እንደ ክር ነው የተባለው» አለች ሩሃማ። «ዲላ ክር የለም እንዴ?»

ቤተል ሳቀች። ስትስቅ የፊት ጥርሷ አንዱ የለም። ሩሃማ ይህን እስካሁን አላየችም ነበር።

ቸክ ቸክ ቸክ ቸክ። ቀስ። ቀስ። ቀስ። ሶሱ ወፈረ። ነጣ። እንደ እርጎ ሆነ።

ሩሃማ ፎርማጆውን መፈግፈጊያው ላይ ፈገፈገች። ፈግ፣ ፈግ፣ ፈግ። ፎርማጆው እንደ በረዶ ሳህኑ ላይ ዘነበ።

አባዬ አምስቱን ቅጠሎች ትሪ ላይ ደረደራቸው። ሶስ ቀባቸው። ዳቦ አደረገባቸው። ፎርማጆ በተነባቸው።

አራቱ ቅጠሎች መካከለኛ ናቸው። አምስተኛው ግን ትልቅ ነው። ሶሱም በዛ ያለ ነው፣ ዳቦውም አራት ነው።

«ሆቴል በቢላዋና በሹካ ነው የሚበላው» አለ አባዬ። «እዚህ ግን ቤታችን ነው። ጠቅልለን እንጎራረሳለን።»

እማዬ አባዬን አጎረሰችው። አባዬ እማዬን አጎረሳት። ቀሽ። ቀሽ።

ቤተል ሩሃማን አጎረሰቻት። ቀሽ። ቆርጨም።

ቅጠሉ ቀዝቃዛ ነው። ዳቦው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ዓሣዋ የት እንደገባች አይታወቅም፤ ግን የሆነ ቦታ አለች፣ ትጣፍጣለች።

አሁን የሩሃማ ተራ ሆነ። ትሪው ላይ ሁለት ቅጠል ቀርቷል። መካከለኛውና ትልቁ።

ሩሃማ መካከለኛውን አነሳች። ጠቀለለች። ቤተልን አጎረሰቻት።

ትልቁን ደግሞ በዓይኗ ያዘችው። «ይሄ የኔ ነው» አለች። በሆዷ።

ቤተል አላምጣ ዋጠች። ከዚያ አፏን እንደገና ከፈተችና ጠበቀች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ሩሃማ።

«ሁለተኛዬስ?» አለች ቤተል። «አንድ ጉርሻ እኮ ያጣላል።»

«ዲላ ነው የሚያጣላው?»

«እዚህም ያጣላል» አለች እማዬ። «ልጅቷ እውነቷን ነው። አንድ አጉርሰው አይተዉም፤ ይደገማል።»

ሩሃማ ትሪውን አየች። ትልቁ ቅጠል ብቻውን ተኝቷል። አራቱ ዳቦ ያብለጨልጫል።

አባዬን አየችው። አባዬ «ስጫት» አላለም። «አትስጫት» አላለም። ጣሪያውን እያየ ጠበቀ።

ሩሃማ ሁለተኛ ሳይጠየቁ መቅረት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ዛሬ ጠዋት አውቃዋለች።

ትልቁን ቅጠል አነሳች። ጠቀለለችው። አንዲት ዳቦ እንኳ አላስቀረችም።

«እንኪ፣ ሁለተኛሽ» አለች።

ለቤተል አፍ በዝቶ ነበር። ጉንጯ እንደ ኳስ ተነፋ። ሶሱ አፍንጫዋ ላይ ወጣ። በዓይኗ ብቻ ሳቀች።

ሩሃማ ሆዷን ዳሰሰችው። ትሪው ባዶ ነው። ግን ሆዷ ውስጥ ያ ሲጮህ የዋለው ነገር ዝም ብሏል።

ቤተል እንደምንም ዋጠች። ከዚያ ትሪውን አየችና ደነገጠች።

«እኔም አንድ ብቻ ነው ያጎረስኩሽ። ልንጣላ ነው» አለች።

ቅጠል አልነበረም። ቤተል ዙሪያውን አየች። የእማዬ ሳህን ላይ የታሸው ቅጠል አለ፤ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ ተቀምጧል።

ቤተል አንዱን አነሳች። ጎድጓዳው ሳህን ሥር የቀረውን ሶስ መጥበሻው ላይ በተረፈ ዳቦ ጠረገች። ዳቦውን በታሸው ቅጠል ጠቀለለችው።

የታሸ ቅጠል ቀሽ አይልም። ሲጠቀለል ግን እሺ ይላል፤ አይሰበርም፣ አይፈታም።

ቤተል አጎረሰቻት።

ሩሃማ አላመጠች። ዓይኗን ጨፈነች።

«እንዴት ነው?» አለ አባዬ።

«ዝም ይላል» አለች ሩሃማ። «ግን ይጣፍጣል።»

ማታ ሆነ። ሁለቱም ጥርሳቸውን ቦረሹ። ሁለቱም ፒጃማ ለበሱ። አንድ አልጋ ላይ ወጡ።

አባዬ መብራቱን አጠፋ። «ደህና እደሩ» አለ።

ቤተል ወዲያው ተኛች። ተኝታ ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ጎተተችው።

ሩሃማ እግሯን በረዳት። ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ጎተተችው። አሁን የቤተል እግር ወጣ።

ቤተል በእንቅልፏ እየተጨማደደች እግሯን ሰበሰበች።

ሩሃማ አየቻት። ትንሽ አሰበች። ብርድ ልብሱ ጠባብ ነው፤ ቢጎትቱትም አይሰፋም።

ስለዚህ እሷ ጠጋ አለች። ትንሽ። ደግሞ ትንሽ።

አሁን ለሁለቱም በቃ።